ቬንትሌተሩ ሲቆም

ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩት የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ቀኑንና ቁጥሩን፣ ከማን እንደ መጣና ወደ ማን እንደ ተመራ እመዘግብ ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ገባሁ፣ በጡረታ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እተወዋለሁ፤ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እዚህ የምነግራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ያውም ስለ ሙሉው ቀን ሳይሆን ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ተኩል ስላለው ጊዜ።

ቤዛ የልጄ ልጅ ናት። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሠናይት ጅቡቲ ሰው ቤት ትሠራለች። አባቷ ልጅቷ አፏን አልፈታ ስትል «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ሄደ። ቤዛ አትናገርም፤ ስሟን ሲጠሯትም አትዞርም። የምትበላው ከአንዲት ሰማያዊ ሳህን ብቻ ነው፤ ሩዙና ወጡ ከተነካኩ ሳህኑን ትገፋዋለች። ውኃ የምትጠጣው እኔ ፊቷ ከቀመስኩላት በኋላ ነው። አንድ የምትወደው ነገር ቢኖር ቬንትሌተር ነው። ጣሪያ ላይ የሚዞር ካገኘች አንገቷን ቀና አድርጋ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ሙቀቱ አይፈቅድምና እኛ ከተማ ቬንትሌተር የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እግዜር ሲያዝንላት ድሬ ላይ ፈጠራት እላለሁ አንዳንዴ።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተቀብሏት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ አስጠርተው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጡኝ፤ «ሌሎች ተማሪዎችን ስለምታውክ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣችም። «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል በወረቀት የጻፉልኝ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀን የመጡ ሐኪም ናቸው። በከተማችን ያን ቃል ፈርሞ የሚሰጥ አላገኘሁም ነበር።

እኔ ያኔ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ ልቤም እንደ ደከመ ነግረውኝ ነበር። ሞቱ ብዙም አላስጨነቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሰማያዊዋን ሳህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነበር።

በዚያ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ቤዛ ላሉ ልጆች አንድ ክፍል ተከፈተ ተባለ። ዐሥር ልጅ ይወስዳል፣ ሁለት አስተማሪ አለው። የሚገባበት ልጅ በኮሚቴ ይገመገማል፤ ኮሚቴው የሚቀመጠው ደግሞ እኔ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ነው። ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩት። ጉዳዩ፣ አባሪው፣ ግልባጩ ሁሉ በደንቡ ነበር። ከደንቡ የወጣ አንድ መስመር ብቻ አለው፤ «ከእኔ በቀር የሚያውቃት ሰው የለም» ይላል። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

በወረቀት አምን ነበር፤ ይህን እወቁልኝ። ደጃችን መጥቶ ጉዳዬ ዘገየ ለሚል ሰው ሁሉ «ወረቀትህ መንገድ ላይ ነው» እለው ነበር። የማታለል ነገር አልነበረውም። ቁጥር የተሰጠው ወረቀት አንድ ቀን ከሚደርስበት ይደርሳል ብዬ በእውነት አስብ ነበር።

የግምገማው ቀን ጧት ቤዛን አጥቤ፣ የተተኮሰ ቀሚስ አልብሼ ወጣሁ። ፀጉሯን ሦስት ሌሊት ተኝታ ሳለች ጥቂት ጥቂት ጎንጉኜዋለሁ፤ ነቅታ ራሷን አታስነካም። እናቴ ያሳደገችኝ መንግሥት ፊት ሲቀረብ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አፍን ይዞ ነው እያለች ነው። አዳራሹን ስለማውቀው ቀድሜ ገብቼ ሳይንጫጫ ከሚዞረው ከሦስተኛው ቬንትሌተር ሥር ወንበር ያዝኩላት። ቀና አለች። ዝም አለች።

አዳራሹ አንድ ስለሆነ ወረፋ የምንጠብቀውም የሚገመገመውም እዚያው ነው። ከአጠገቤ ዘይነባ የምትባል የመጋላ ሰፈር ሴት ተቀመጠች፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጇን እጅ ከራሷ እጅ ጋር በሻሽ አስራዋለች። ልጅቷ ወንበሩን በተረከዟ ትደበድባለች። ዘይነባ ቤዛን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እማማ፣ ይቺን ለምንድነው ያመጣሻት?»

«ለግምገማ።»

«አቦ፣ ይቺ እኮ ለሰርግ ሚዜ የምትሆን ናት።» ወደ ልጇ በአገጯ አመለከተች። «የኔን እያት። ወላሂ ዛሬ ጧት የጎረቤት መስኮት ሰብራ ነው የመጣችው። ኮሚቴው ይይልኝ ብዬ ፀጉሯን እንኳ አላበጠርኩም። አንቺ ደግሞ ችግርሽን ተኩሰሽ አመጣሽው።»

«መሥሪያ ቤት ነው» አልኳት።

«ሀዬ፣ እሺ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው አቶ ደረጀ ይባላሉ፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ከሌላ ክልል የመጡ ናቸው። እኛ ድሬ ያደግን አንቱታ አናበዛም፤ እሳቸው ግን እርስዎ ይሉኛል። አንዷ የልዩ ፍላጎት ባለሙያ የሆነች ወጣት ሴት ናት። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ፊታቸው ያለው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። ቅጽ ማንበብ ሥራዬ ነበርና ከፊት ለፊት ሆኜ ተገልብጦም አነበብኩት። ከታች ሦስት መስመር አለው፤ አንደኛው በመደበኛ ክፍል መማር የሚችል፣ ሁለተኛው ለልዩ ክፍሉ የሚመደብ፣ ሦስተኛው ከአቅም በላይ የሆነ። እኔ የመጣሁት ለመካከለኛው መስመር ነው።

«ትጮኻለች?» አሉኝ አቶ ደረጀ።

አፌ ላይ የመጣው «አንዳንዴ» የሚል ነው። በየቀኑ ነው የምትጮኸው።

«ራሷን ትጎዳለች?»

«ስትናደድ።»

«ሽንት ቤት?»

«ታውቃለች» አልኩ። እኔ ሰዓቱን ጠብቄ ስወስዳት መሆኑን አልጨመርኩም። ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ባለሙያዋ ከወንበሯ ወርዳ ተንበረከከችና «ቤዛዬ» አለቻት። ቤዛ ቬንትሌተሩን ታያለች። ባለሙያዋ ቀይ ኳስ አንከባለለችላት። ቤዛ ቬንትሌተሩን ታያለች። ባለሙያዋ ለሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ «ረዘም ላለ ጊዜ ልናያት ይገባል፤ በአንድ ጊዜ አይታወቅም» አለች።

«ወረፋውን አየሽው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ አስካለ፣ ደስ ይበልዎት። የረጋች ልጅ ናት። መደበኛ ክፍል ትገባለች። መመሪያውም የሚለው አካቶ ትምህርት ነው፤ ልጅ ከልጅ አይለይም።»

የርዕሰ መምህሩን ደብዳቤ አወጣሁ። «ከመደበኛው አስወጥተዋታል።»

አነበቡት። «ማስወጣት አይችሉም።»

«አስወጥተዋል።»

«መመሪያው አይፈቅድላቸውም።»

«ይኸው ማኅተሙ።»

«አይችሉም እኮ ነው የምልዎት፣ እናቴ» አሉና አንደኛው መስመር ላይ ምልክት አደረጉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኽ ነበር። እኔ ተነሥቼ «ከሰዓት አንድ ጊዜ እንደገና እዩልኝ» ብቻ አልኩ። ባለሙያዋ ቀበል አድርጋ «ከምሳ በኋላ የመጀመሪያ እናድርጋት» አለች። አቶ ደረጀ ሰዓታቸውን አይተው እሺ አሉ።

እኛ ዘንድ መሥሪያ ቤት ለምሳ ሲዘጋ በሙቀቱ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይከፈትም። ቤት ደርሼ ልመለስ ብል ቤዛ ሁለት ጊዜ ባጃጅ ላይ አትወጣም። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሰማያዊዋን ሳህን ይዤ ነበርና ሩዙን ለብቻ፣ ወጡን ለብቻ አድርጌ አበላኋት። ዘይነባም ልጇን ይዛ መጣች፤ የእሷ ልጅ «ተጠባባቂ» ተብላለች። ከፌስታል ሳምቡሳ አውጥታ ሰጠችኝ።

«ለስንተኛ ጊዜ ነው ተጠባባቂ ስትባል?» አልኳት።

«ተይው፣ ተጠባባቂ ስሟ ሆኗል።» በልታ ጣቷን ጠረገች። «እማማ፣ ልንገርሽ? ይቺ ልጅ ከዚያ ቬንትሌተር ሥር እስካለች ድረስ ማንም አያምንሽም።»

«ታዲያ?»

«አጥፊው።»

«ልጄን ላሳምማት?»

«አሟታል እኮ። እንዲያዩልሽ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ሌላ ነገር አላሰብኩም። ቤዛ የኒሙን ቅጠል አንድ በአንድ እየሰነጠቀች መሬት ላይ ትደረድራለች። እኔ ስለዚያች መካከለኛ መስመር አስባለሁ። አንድ አስተማሪ ሰማያዊዋን ሳህን ታውቃለች፤ ውኃውን ቀድማ መቅመስ ታውቃለች። ከዚያ እኔ ብሞትም ግድ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባን። ቤዛ ራሷ ወደ ሦስተኛው ቬንትሌተር ሄዳ ተቀመጠች። ኮሚቴው ሲደላደል ተነሣሁና በሩ አጠገብ ወዳለው የቬንትሌተሩ ማዞሪያ ሄድኩ። ወደ ዜሮ አዞርኩት።

«አመሰግናለሁ» አሉ አቶ ደረጀ፤ «ወረቀቱን እያበረረብን ነበር።»

ቬንትሌተር ወዲያው አይቆምም። መጀመሪያ ድምፁ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ክንፎቹ እየተለዩ መታየት ይጀምራሉ። ቤዛ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች። ሦስት ክንፍ። በመጨረሻ አንዴ ወደ ኋላ ትንሽ መለስ ብሎ ቆመ።

ጩኸቷን አልገልጸውም። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግንባሯን ሦስት ጊዜ መታች። ባለሙያዋ በእጇ ልትከላከልላት ስትል ነከሰቻት። የተተኮሰው ቀሚስ ረጠበ፤ ወለሉም ረጠበ። ወረፋ ላይ ያሉ ልጆች ማልቀስ ጀመሩ። ሮጬ ቬንትሌተሩን መለስኩት፤ ግን አንዴ ከጀመራት መልሶ ማብራቱ አይበግራትም። ወለል ላይ አቀፍኳትና ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ደረቴን በጭንቅላቷ ትመታኛለች። ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ አላውቅም።

ጸጥ ስትል ባለሙያዋ የተነከሰ እጇን በመሐረብ ይዛ «መታየት የነበረበት ይህ ነው» አለች። «ክፍሉ የተከፈተው ለእንደዚህ ዓይነቷ ነው።»

አቶ ደረጀ ግንባራቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓይናቸው ደንግጦ ነበር። «ሁለት አስተማሪ ነው ያለን» አሉ። «ዘጠኝ ሌሎች ልጆች አሉ። አንዱን ብትነክስ ወላጁ ምን ይለኛል? ራሷንስ ብትጎዳ ማን ይጠየቃል? ሽንቷንም እንደምናየው…»

ማስመሪያ አነሡና የጧቱን ምልክት በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዙት፤ አጠገቡ ፈረሙ። ሥርዓቱን የጠበቀ ስረዛ ነው። ከዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክት አደረጉ። መካከለኛዋ ሳትነካ ቀረች።

ከወለሉ ሳልነሣ «ከአቅም በላይ የሆኑት የት ነው የሚሄዱት?» አልኳቸው።

«እሱ ገና ነው። የፌዴራሉ ሰነድ ወርዶልናል። የአስተዳደሩ ማስፈጸሚያ መመሪያ ሲጸድቅ ይታያል።»

«እስከዚያስ?»

«ማመልከቻዎ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደ ጻፍኳት አላውቅም። ተላላኪው ስላልነበረ ወረቀቱን ለእኔው ሰጡኝ። «መንገዱን ያውቁታል» አሉኝ።

መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ኃላፊዋ ፈቲያ ናት፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«እትዬ! ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው? ልብስሽ ረጥቧል እኮ።»

«ምንም አይደል። ይህን ያዢ።»

ከጣሪያው የድሮው ቬንትሌተራችን እየተንጫጫ ይዞራል። ቤዛ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተኛችና አየችው። ግንባሯ አብጧል። ፈቲያ ወረቀቱን አነበበች። ከኋላ ካለው መደርደሪያ አንድ ወፍራም ፋይል ጎትታ አቧራውን በክርኗ ጠረገችና ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ሽፋኑ ላይ «ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች፤ መመሪያ እስኪወጣ በመጠባበቅ ላይ ያሉ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አልኩ።

ፈቲያ ቀና ብላ አየችኝ። «አቦ እትዬ፣ ያንቺ ነዋ። ማን እንዲህ አሳምሮ ይጽፋል ዛሬ?»

ፋይሉን መክፈቴን አላስታውስም። ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ ነው። አንዳንዱ በእጅ የተጻፈ፣ አንዳንዱ በታይፕ። በእያንዳንዱ ጥግ ቁጥሩና «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» የሚለው ትእዛዝ አለ። አብዛኛው በእኔ እጅ ነው፤ አለቃ ይመራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከታች በኩል አንዱን አወቅኩት፤ የወይን ጠጅ ቀለም የጣት አሻራ አለበት። ኡመር የሚባል፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከጀልዴሳ ገጠር የሚመጣ ሰው ነው። ልጁ አትናገርም ነበር፤ ከብት ሊያግድ በገመድ ከዛፍ ጋር አስሯት ነበር የሚሄደው። ማመልከቻውን በከተማ ጸሐፊ አስጽፎ ነው ያመጣው። «ከእኔ ሌላ የሚያውቃት የለም» ይላል።

ሰውየው ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሦስቱንም ጊዜ «ወረቀትህ መንገድ ላይ ነው» አልኩት። በሦስተኛው ጊዜ ሄደ ስንል ከበሩ ተመልሶ «እህቴ፣ ወረቀቱ የሚሄድበት ከጀልዴሳ ይርቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቢሮ ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቅን። እሱም አብሮን ሳቀና ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

ወረቀቱ ከወንበሬ ጀርባ አራት እርምጃ ላይ ነበር።

ፈቲያ ወረቀት መብሻውን አንሥታ የቤዛን ማመልከቻ ልትበሳ ስትል ጠርዙን አጣመመችው። «ስጪኝ» አልኳት። ጠርዙን አስተካክዬ በሳሁት። ክሩን ፈትቼ ከላይ አስገባሁት፣ ቁጥሩን በጥጉ ጻፍኩ፣ መልሼ አሰርኩት። ሌላ ሰው ቢያስረው ይላላል። ከዚያ ቤዛን ከሲሚንቶው አነሣኋትና ወጣን። ዐሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

ከዚያ ቀን ሦስት ዓመት አልፏል። አንባቢዎቼ መጨረሻው በጎ እንዲሆን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ክፍሉ እስካሁን አንድ ነው። ባለሙያዋ ተዛውራ ሄዳለች። የዘይነባ ልጅ አሁንም ተጠባባቂ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ስንገናኝ ዘይነባ «ችግርሽን ተኮስሽው?» ትለኛለች፤ እንስቃለን። ከጀልዴሳ ለሚመጡ ሰዎች ኡመርን አታውቁትም ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ። ኡመር ብዙ ነው ይሉኛል። መመሪያው እየተዘጋጀ ነው።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ አንዱ ይህ ነው፤ ለማንም ሰው ወረቀትህ መንገድ ላይ ነው አልልም። ወረቀት መንገድ የለውም፤ ቦታ ነው ያለው። ሌላው ስለ እጄ ነው። ጧት ላይ የልጄን ሕመም ደበቅኩ፣ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጄ አመጣሁባት። ሁለቱም መንገድ ወደዚያው መደርደሪያ አደረሰኝ። ቅጹ ላይ ለእሷ የሚሆን መስመር ነበረ፤ አይቼዋለሁ። እንዴት ሆና ብትቀርብ እዚያ ላይ ትወድቅ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። የምታውቁ ካላችሁ ለሌሎቹ ንገሯቸው።

ቤዛ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እኔ ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቬንትሌተር በእጄ አጥፍቼ አላውቅም፤ መብራት ግን ይጠፋል። ያኔ ከጎኗ ተቀምጬ በካርቶን አራግብላታለሁ። ንፋሱ ይደርሳታል። ካርቶን አይዞርም፤ እሷም ታውቃለች።